ጠፈር፣ ኪነ ሕንፃና ሥነ ጥበብ የሚነጣጠሉ ናቸውን?

ከልጅነቴ ጀምሮ ልቤን የማረኩት ሦስት ነገሮች ናቸው፤ እነርሱም የጠፈር ምርምር፣ ኪነ ሕንፃና ሥነ ጥበብ ናቸው። ይህን ስናገር፣ «ሁለት እግር አለኝ ተብሎ ሁለት ዛፍ አይወጣም» እያሉ የሚመክሩኝ ብዙዎች ናቸው። እናንተም የተፈጥሮ ሳይንስን ወይም የኅብረተሰብ ሳይንስን የምትመርጡበት ጊዜ ሲቃረብ፣ «ሒሳብ ለሚችል ሥዕል ምን ያደርግለታል?» የሚል ምክር መስማታችሁ አይቀርም። በእኔ አስተያየት ግን ይህ ምክር ስሕተት ነው። ምክንያቶቼንም ቀጥሎ አቀርብላችኋለሁ።

በመጀመሪያ ጠፈርተኛውን አሌክሲ ሊዮኖቭን ተመልከቱ። ይህ የሶቪየት ኅብረት ሰው መጋቢት 9 ቀን 1957 ዓ.ም. ከመንኰራኵሩ ወጥቶ ለ12 ደቂቃ ያህል በሕዋ ውስጥ ተንሳፈፈ። ከእርሱ በፊት ይህን ያደረገ ሰው አልነበረም። ልብሱ ስለ ተነፋበት ወደ መንኰራኵሩ ለመመለስ እጅግ ተቸገረ፤ ከልብሱ ውስጥ አየር በመቀነስም ለጥቂት ተረፈ። ይኸው ሰው በዚያ ጉዞ ባለቀለም እርሳሶች ይዞ ነበር። እንዳይንሳፈፉበትም በክር አስሮ፣ ከምድር ጠርዝ በላይ የምትወጣውን ፀሐይ ሣለ። ለመሣል የሠለጠነ ዓይን ሌላው የማያስተውለውን የቀለም ልዩነት ለይቶ ያያል። ታዲያ ሥዕል ለዚህ ጠፈርተኛ ትርፍ ነገር ነበር ማለት ይቻላልን?

ሁለተኛው ማስረጃዬ ከኪነ ሕንፃ የተገኘ ነው። ክብደት በማይሰማበት ስፍራ ላይና ታች የሚባል ነገር የለም፤ በዚህም ምክንያት የሰው አእምሮ ይደናገራል። አርክቴክቷ ጋሊና ባላሾቫ የሶዩዝን መንኰራኵር የውስጥ ክፍል ስትነድፍ፣ ወለሉ በጠቈረ፣ ጣሪያው ደግሞ በፈካ ቀለም እንዲለይ አደረገች። የጠፈርተኞቹ ዓይን የሚያርፍበት እንዲያገኝም፣ ራሷ የሣለቻቸው የውሃ ቀለም ሥዕሎች በግድግዳው ላይ ተሰቀሉ። ሥዕሎቹ የተሰቀሉበት ክፍል ወደ ምድር ሲመለስ በአየር ውስጥ ስለሚቃጠል እነርሱም አብረው ጠፍተዋል። ቢሆንም ሰዎች በዚያ ጠባብ ክፍል ውስጥ ሲኖሩ አገልግለዋል።

ሩቅ ሳንሄድ የላሊበላን ቤተ ጊዮርጊስ እናስብ። በድንጋይ የሚገነባ ሰው ቢሳሳት አንዱን አንሥቶ ሌላውን ይተካል። ከአንድ ወጥ አለት ከላይ ወደ ታች የሚፈለፍል ጠራቢ ግን አንድ ጊዜ የቈረጠውን መልሶ ሊቀጥል አይችልም። ስለዚህ መስቀል ቅርፅ ያለው ሕንፃ ከነመስኮቱና ከነጣሪያው አስቀድሞ በአእምሮው መሣል ነበረበት። ወደ ሕዋ የሚላክ መሣሪያም ከመጠቀ በኋላ ብዙውን ጊዜ መልሶ ማረም አይቻልም። ሁለቱም ሥራዎች የሚጠይቁት ያልተሠራውን እንደ ተሠራ አድርጎ የሚያይ አእምሮ፣ ልኩንም የማይስት እጅ ነው።

አንዳንዶች ደግሞ፣ «ድህነት ላለበት አገር ጠፈርም ሥዕልም ቅንጦት ነው» ይላሉ። የሚያነሡት ችግር እውነተኛ ስለ ሆነ ሊናቅ አይገባውም። ይሁን እንጂ መደምደሚያቸው አያስኬድም። ታኅሣሥ 10 ቀን 2012 ዓ.ም. ከቻይና ወደ ሕዋ የተላከችው፣ 70 ኪሎ ግራም ያህል የምትመዝነው የኢትዮጵያ ሳተላይት የታቀደችው የእርሻን፣ የውሃንና የደንን ሁኔታ ከላይ ለማየት ነው። ሰማይን መመርመር ምድርን ለማልማት ይረዳል ማለት ነው። ሥነ ጥበብም ቢሆን ሕዝብ ስለ ራሱ የሚያስበውን ይገልጻል። በአዲስ አበባ በአፍሪካ አዳራሽ የሚገኘው የአፈወርቅ ተክሌ ባለቀለም መስተዋት የአፍሪካን ያለፈ፣ የአሁንና የወደፊት ዘመን ያሳያል። ያ መስተዋት ባይኖር አዳራሹ ለስብሰባ ይበቃ ነበር፤ የተሰበሰቡት ሰዎች ስለ ምን እንደ ተሰበሰቡ ግን ግድግዳው አይናገርም ነበር።

እርግጥ ነው፣ ሰው መተዳደሪያ የሚሆነውን አንድ ሙያ መርጦ ጠንቅቆ ማወቅ ይገባዋል። የትምህርት ክፍል መምረጥም ግዴታ ነው። ነገር ግን አንዱን መምረጥ ሌላውን መናቅ አይደለም። ፊዚክስ የምትመርጡ እርሳሳችሁን አትጣሉ፤ ሥዕል የምትወዱም ከሒሳብ አትሽሹ። ማታ ወደ ከዋክብት ተመልከቱ፤ ቀን የትምህርት ቤታችሁን ሕንፃ ለክታችሁ በወረቀት ላይ ንደፉ። ምሳሌው ሁለት ዛፍ አትውጡ ማለቱ ትክክል ነው፤ ሦስቱ ግን የአንድ ዛፍ ቅርንጫፎች ናቸው።