ሕመም ጠፋ ማለት ዳነ ማለት አይደለም

በትምህርት ቤት ሜዳ ኳስ ሲጫወት ቁርጭምጭሚቱ ወለም ያለው ተማሪ ብዙውን ጊዜ የሚያደርገው አንድ ነው። እግሩን አሳሽቶና በጨርቅ አስሮ ጥቂት ቀናት ይተኛል፤ እብጠቱ ጎድሎ ሳያነክስ መራመድ ሲጀምር «ድኛለሁ» ብሎ ወደ ሜዳ ይመለሳል። ብዙም ሳይቆይ ያው እግሩ እንደገና ወለም ሲለው ዕድሉን ያማርራል። ጥፋቱ ግን የዕድል አይደለም፤ የሕመምን መጥፋት ከመዳን ለይቶ አለማወቅ ነው።

ሕመም የማስጠንቀቂያ ደወል እንጂ የጉዳት መለኪያ አይደለም። ጅማት ሲጎዳ በመጀመሪያዎቹ ቀናት ሥፍራው ያብጣል፤ ቀጥሎም ክር መሰል አዲስ ሥጋ የተጎዳውን ቦታ ይሞላል። ይህ አዲስ ሥጋ ጠንክሮ ሸክም ለመቻል ሳምንታትና ወራት ይፈልጋል፤ ሕመሙ ግን ብዙውን ጊዜ ከዚያ በፊት ይጠፋል። ከዚህም ሌላ በጅማት ውስጥ እግር እንዴት እንዳረፈ ለአንጎል የሚነግሩ ነርቮች አሉ። እነዚህ ሲጎዱ እግሩ ጠጠር ወይም ጉድጓድ በረገጠ ጊዜ ራሱን ፈጥኖ ማስተካከል ይሳነዋል። በመተኛት ብዛት የሰለለ ጡንቻ ሲታከልበት ሁለተኛው ወለምታ የሚያስገርም አይሆንም።

በኢትዮጵያ ሜዳዎች ተጫዋች ሲወድቅ ቦርሳ ይዞ የሚሮጠው ሰው ወጌሻ ይባላል። የሠለጠነ የፊዚዮቴራፒ ባለሙያ ዋና ሥራ ግን የሚጀምረው ተመልካቹ ወደ ቤቱ ከሄደ በኋላ ነው። ባለሙያው፣ ተጎጂው አራት እርምጃ እንኳ መራመድ ካቃተው፣ አጥንቱ ተሰብሮ ሊሆን ስለሚችል ወደ ሐኪም ይልከዋል። አጥንቱ ደኅና ከሆነ እግሩን ለጥቂት ቀናት ከሸክም ያሳርፍና ቁርጭምጭሚቱን ቀስ በቀስ እንዲያንቀሳቅስ ያደርገዋል። ቀጥሎ በጣቶቹ እየቆመ ባቱን እንዲያጠነክር፣ በአንድ እግሩ ቆሞ ሚዛኑን እንዲጠብቅ፣ በመጨረሻም እንዲሮጥ፣ እንዲዘልና በሩጫ ላይ አቅጣጫ እንዲለውጥ ያዘዋል። ከአንዱ ደረጃ ወደ ሌላው የሚያሻግረው የቀን ቁጥር ብቻ ሳይሆን የተጎዳው እግር ከጤነኛው ጋር ተመዛዝኖ የሚያሳየው ብቃት ነው።

«ከዕረፍት የበለጠ መድኃኒት የለም» የሚሉ አሉ። ስዊድናዊው ሐኪም ሐካን አልፍሬድሶንና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ1998 ያወጡት ጥናት ግን ሌላ ያሳያል። የተረከዝ ጅማት ሕመም የጸናባቸው 15 ሯጮች በደረጃ ጫፍ ላይ ቆመው ተረከዛቸውን በዝግታ ወደ ታች እንዲያወርዱ ተደረገ። ይህን በቀን ሁለት ጊዜ ለ12 ሳምንታት ከሠሩ በኋላ 15ቱም ወደ ሩጫቸው ተመለሱ። ጥናቱ ትንሽ ነው፤ ሕመምተኛው ሁሉ በዚህ መንገድ አይድንም። ሆኖም ጅማት የሚበረታው በተመጠነ ሥራ እንጂ በመተኛት ብቻ እንዳልሆነ አስተምሯል።

በተቃራኒው «ጀግናን ሕመም አይበግረውም» የሚሉም አይጠፉም። እነዚህ ሰዎች ኃይሌ ገብረ ሥላሴ እ.ኤ.አ. በ2000 በሲድኒ ኦሊምፒክ የተረከዝ ጅማቱን እያመመው በ10,000 ሜትር የወርቅ ሜዳልያ ማግኘቱን በምሳሌነት ያነሳሉ። ከድሉ በኋላ ቀዶ ሕክምና አስፈልጎት ለወራት ከውድድር መራቁን ግን አያነሱም። እ.ኤ.አ. በ2008 በርሊን ላይ ማራቶንን በ2 ሰዓት ከ3 ደቂቃ ከ59 ሴኮንድ ሮጦ የዓለምን ክብረ ወሰን የሰበረው ጊዜ ተሰጥቶት የዳነ እግር ነው።

«የቸኮለች አፍሳ ለቀመች» እንዲሉ፣ ጥቂት ሳምንታት ለማትረፍ የቸኮለ ተጫዋች ሙሉ የውድድር ዘመን ሊያጣ ይችላል። ስለዚህ የስፖርት መምህርም ሆነ የቡድን አለቃ የተጎዳውን ተማሪ «አሁንም ያምሃል?» ብሎ በመጠየቅ ብቻ ሊያሰልፈው አይገባም። በአንድ እግሩ ሲቆም፣ ሲዘልና ሲዞር አይቶ መፍረድ አለበት። ለዚህም ብዙ ገንዘብ አያስፈልግም፤ አንድ የድንጋይ ደረጃ፣ የሚደገፉት ግድግዳና ትዕግሥት ይበቃሉ።