ቪ8ቱን የሚሰብረው ድንጋዩ አይደለም

«ይሄ መኪና የማይገባበት የለም።» በዚህች ዓረፍተ ነገር የተሰበረው መኪና በድንጋይ ከተሰበረው ይበልጣል ብዬ እከራከራለሁ። የሚናገራት ሰው ደግሞ ብዙ ጊዜ መሪ የያዘው አይደለም። ከኋላ ወንበር ላይ፣ መስኮቱ ተዘግቶ ቀዝቃዛው አየር እየነፈሰለት፣ ስልኩን የሚነካካው አለቃ ነው።

ስለ ቪ8 በዚህ አገር የሚደረገው ክርክር ሁሌም አንድ ነው። አንዱ ወገን «የድሃ አገር ባለሥልጣን በዚህ መኪና ይንፈላሰሳል» ይላል። ሌላው «አገሩ ተራራና ገደል ነው፣ ታዲያ በምን ይሂዱ?» ብሎ ይመልሳል። መኪናው ከአስፋልት ሲወርድ ምን እንደሚገጥመው፣ ከጉዳት የሚጠብቀው ማን እንደሆነ፣ ሲሰበርስ ዕዳው በማን ላይ እንደሚወድቅ የሚጠይቅ ግን አላየሁም።

መጀመሪያ መኪናውን እንወቀው። ሕዝቡ ቪ8 ብሎ የሚጠራው እ.ኤ.አ. በ2007 የወጣውን ላንድክሩዘር 200 ነው፤ ስሙም ከስምንት ሲሊንደር ሞተሩ የመጣ ነው። በ2021 የተተካው አዲሱ 300 ሞዴል ስድስት ሲሊንደር ብቻ ነው ያለው። (ስሙ ግን እዚህ አገር የሞተር ስም መሆኑ ካበቃ ቆየ፤ የሹመት ማዕረግ ሆኗል።) 200ው ባዶውን 2.6 ቶን ገደማ ይመዝናል። ሰባት ሰው፣ ሻንጣና ሙሉ ነዳጅ ሲጫንበት ከ3 ቶን ያልፋል። የፊት ጎማዎቹ ለየብቻቸው የሚወዛወዙ ናቸው። ይህ ለተሳፋሪ ምቾት ግሩም ነው፤ ነገር ግን መኪናው ተጭኖ ጉድጓድ ውስጥ በፍጥነት ሲገባ ሆዱ ወደ መሬት ይቀርባል። ከ1984 ጀምሮ የሚመረተውና በየገጠሩ አምቡላንስ ሆኖ የምናየው ደረቁ ላንድክሩዘር 70 ከፊትም ከኋላም ድፍን አክስል ነው። ያንገጫግጫል፣ ወገብ ይቆርጣል፣ ግን ለዚሁ ሥራ የተሠራ ነው።

ቪ8ቱ ከአስፋልት መውጣት አይችልም እያልኩ አይደለም። በደንብ ይችላል። ለዚህ የሚሆን ዝግ ማርሽ አለው፣ ጉልበት አለው፣ መሐንዲሶቹ በረሃን አስበው ነው የሠሩት። የሚችለው ግን በዝግታ፣ በልክና በሚያውቅ እጅ ነው። እኛ ያደረግነው ምንድን ነው? እንደ ሶፋ ገዛነው፤ ከዚያ እንደ በቅሎ ላክነው። ለዓይን እንዲያምር ባለ 20 ኢንች ቸርኬ ያለውን መረጥን። ቸርኬው በተለቀ ቁጥር የጎማው ጎን ይቀጥናል፤ ድንጋይ ሲመታው የሚለጠጥ ጎማ ስለሌለ ምቱ በቀጥታ ቸርኬው ላይ ያርፋል። ባለ 17 ኢንቹ ግን «የመስክ መኪና» ይመስላል፤ ክብር ይቀንሳል!

አሁን ወደ ኮረኮንቹ እንሂድ። በአንድ ቀን ሦስት ወረዳ የሚያዳርስ የጉብኝት መርሐ ግብር ወጥቷል። መርሐ ግብሩን ያወጣው ሰው የተጠቀመው ካርታ ላይ ያለውን ኪሎ ሜትር ነው። ጠዋት ሁለት ሰዓት ይወጣሉ የተባሉት ሰዎች አራት ሰዓት ይወጣሉ። ያለፈው ሁለት ሰዓት ከየት ይመጣል? ከሾፌሩ እግር። በሠላሳና አርባ መሄድ ያለበት መንገድ በሰማንያ ይነዳል። ሾክ አብዞርበሩ ይግላል፣ ዘይቱ ይፈሳል፣ ቦሎኑ ይላላል፣ ጎማው ጎኑ ይቀደዳል። ማታ ሆቴል በር ላይ ሲደረስ አለቃው «እንዴት ያለ መንገድ ነው!» ይላል። መንገዱ ጠዋትም እንደዚሁ ነበር።

ከሁሉ የሚያናድደኝ መኪናውን ከጉዳት የሚጠብቀው ነገር ርካሽ መሆኑ ነው። የጎማ ነፋስን ውሰዱ። አስፋልት ላይ 33 ወይም 35 ፒኤስአይ የሚሞላ ጎማ አሸዋ ላይ ወደ 18 ሲቀነስ መሬት የሚነካው ገጹ ይረዝማል፣ ክብደቱ ይበተናል፣ መኪናው ከመስመጥ ይልቅ ይንሳፈፋል። ድንጋያማ መንገድ ላይም መጠነኛ ቅነሳና ዝግታ ጎማውን ያተርፋል። ነፋስ ማውጣት በነፃ ነው። መልሶ ለመሙላት ከመኪናው ባትሪ የሚሠራ ትንሽ ኮምፕሬሰር ይበቃል፤ መሙላቱ ግን ግዴታ ነው፣ ምክንያቱም ነፋሱ የጎደለ ጎማ በፍጥነት ሲነዳ ግሎ ይፈነዳል ወይም ከቸርኬው ይወጣል። ይህ ሁሉ ከሃያ ደቂቃ አይበልጥም። ስንቱ አለቃ ነው እነዚያን ሃያ ደቂቃዎች የሚሰጠው? ስንቱ መሥሪያ ቤት ነው ኮምፕሬሰሩን የገዛው? የፊት መከላከያ ብረት፣ ጣሪያ ላይ የሚደረደር መብራት፣ የሚያብረቀርቅ የእግር መወጣጫ ግን አይቀርም። እነዚህ ዕቃዎች አብዛኞቹ ክብደት ይጨምራሉ፤ መወጣጫው ደግሞ ድንጋይ ላይ መጀመሪያ የሚታጠፈው እሱ ነው። ሆድ ሥር ሞተሩንና ካምቢዮውን የሚሸፍነው ወፍራም ብረት ለፎቶ ስለማይታይ ማንም አያስበውም። በሌላ በኩል መኪናው ከተገዛ ስንት ጊዜው የወንበሩ ላስቲክ ሳይነሳ ይቆያል። ወንበር በላስቲክ ይጠበቃል፣ ሞተር ለዕድል ይተዋል።

የወንዙ ነገር ደግሞ ከገንዘብም ያልፋል። ለ200ው አምራቹ ያስቀመጠው የውሃ ጥልቀት ገደብ 70 ሴንቲ ሜትር ነው፤ ይህም በዝግታ ሲገባና ውሃው ሲረጋ ነው። የሚፈስ ውሃ ሌላ ሕግ አለው። የአሜሪካ ብሔራዊ የአየር ሁኔታ አገልግሎት ለዜጎቹ ሲያስጠነቅቅ፣ 30 ሴንቲ ሜትር ገደማ የሚፈስ ውሃ አብዛኛውን መኪና ሊወስድ እንደሚችል፣ 60 ሴንቲ ሜትር ገደማ ደግሞ ትልልቆቹን መኪኖች ጭምር ጠርጎ እንደሚሄድ ይናገራል። ሁለት ቁጥሮችን አስተያዩ፤ መኪናው በጥልቀት ይችለዋል በተባለበት ውሃ ሊወሰድ ይችላል። ውሃ በአየር መሳቢያው ገብቶ ሲሊንደር ውስጥ ከደረሰ ደግሞ ነገሩ አለቀ። ሞተር አየር ይጨምቃል እንጂ ውሃ አይጨመቅለትም፤ ቢየላው ይታጠፋል፣ አንዳንዴም ብሎኩን በስቶ ይወጣል። ውሃ ውስጥ የጠፋን ሞተር ደጋግሞ ለማስነሳት መሞከር ይህን ጥፋት በእጅ መሥራት ነው። በሰላም የተሻገረውም ቢሆን ዲፈረንሻሉ መታየት አለበት፤ የጋለ ብረት ቀዝቃዛ ውሃ ሲነካው ውሃ ወደ ውስጥ ይስባል፣ ዘይቱም ቡና በወተት ይመስላል። ያንን ዘይት ይዞ ሌላ ሺህ ኪሎ ሜትር የሚነዳ መኪና ጥርሱ ይበላል።

ስለ ደረቅ ወንዝ የሚዘናጋ ካለ ድሬዳዋን ያስታውስ። በሐምሌ 1998 ዓ.ም. መጨረሻ ሌሊት ላይ ደቻቱ ሞልቶ ከ200 በላይ ሰው ጨርሷል። ደቻቱ አብዛኛውን ጊዜ ሰው የሚመላለስበት አሸዋ ነው። በደቡብ ኦሞም በአፋርም ያሉት አሸዋማ ወንዞች እንደዚያው ናቸው፤ ዝናቡ የሚዘንበው ሩቅ ተራራ ላይ ነው፣ እዚያ ሰማዩ ጥርት ብሎ ሳለ ደራሽ ውሃ ይመጣል። ሾፌሩ «ወርጄ በእግሬ ልየው» ሲል እየፈራ አይደለም። ሥራውን እየሠራ ነው። በእግር ሊሻገሩት የማይደፍሩትን ውሃ በመኪና መድፈር ጀግንነት አይደለም። መልሱ ግን የተለመደ ነው፦ «ሰዓት የለንም፣ ግባ በለው!»

ከገባና ከጠፋስ? እዚህ ላይ ነው ነገሩ ፍርድ ቤት የሚያደርስ የሚሆነው። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ሠራተኛ ሆን ብሎ ወይም በከባድ ቸልተኝነት የአሠሪውን ንብረት ከጎዳ ያለማስጠንቀቂያ ሊሰናበት እንደሚችል ይደነግጋል። ያው አዋጅ ለደኅንነቱ የሚያሰጋ አደጋ መኖሩን አሠሪው እያወቀ እርምጃ ካልወሰደ ሠራተኛው ያለማስጠንቀቂያ ሥራውን መልቀቅ እንደሚችልም ይናገራል። እስቲ ይህን ወንዝ ዳር አስቡት። የግል ድርጅት ሾፌር ቢገባና ቢሰበር «ከባድ ቸልተኝነት» ሊባልበት ይችላል፤ ላለመግባት ደግሞ ሕጉ በግልጽ የሰጠው መንገድ ሥራውን መልቀቅ ነው። በዚህ መካከል «ይህን አልሻገርም፣ ነገ ጠዋት ውሃው ሲጎድል እንሻገራለን» ብሎ ከነደመወዙ የሚያድርበት ቦታ የታለ? የመንግሥት ሾፌሮች የሚተዳደሩት በሌላ ሕግ ነው፤ የኮድ 4ን መሪ የያዘው ሰው ወንዝ ዳር ያለበት ጭንቅ ግን ያው ነው። ትዕዛዙ በቃል ይሰጣል፣ የጉዳት ሪፖርቱ በጽሑፍ ይቀርባል። በቃል ያዘዘው ሰው ስም ሪፖርቱ ላይ የለም።

የግል ባለመኪኖችንም አልተውም። ቅዳሜና እሑድ በሰልፍ የሚወጡት ወዳጆቻችን ቢያንስ የሚሰብሩት የራሳቸውን ነው፤ ሹፌር ሲቀጥሩ ግን ያው አለቃ ይሆናሉ። ደግሞ ሁሉም የሚሠሩት አንድ ነገር አለ፣ ስለሱ ማንም አያወራም። ክረምት ላይ ዋልካ ሲገጥም መኪናውን ለማትረፍ ከመንገድ ወጥቶ በማሳ መንዳት። የመጀመሪያው መኪና አንድ መስመር ያወጣል፣ ያ ሲቦካ ሁለተኛው ጎኑን ይይዛል፣ ወር ሳይሞላ መንገዱ የሰው ጤፍ ውስጥ ሃያ ሜትር ገብቷል። የመኪናውን ፓራውልት ከጭረት ያዳንነው በገበሬው ቀለብ ነው። በባሌ ሳኔቲ አምባ ላይ ከመንገዱ ወጥቶ ፎቶ ለመነሳት ሣሩ ላይ መንዳትም ከዚህ አይለይም፤ በዚያ ብርድ ውስጥ ጎማ የጨፈለቀው ዕፅ ቶሎ አያገግምም፣ የቀይ ቀበሮዋም ምግብ የሆኑት አይጦች የሚኖሩት በዚያው መሬት ሥር ነው። ዋልካ ላይ ትክክለኛው መልስ ብዙ ጊዜ መጠበቅ ነው። ፀሐይ ወጥቶ ላዩ እስኪደርቅ ሁለት ሦስት ሰዓት፣ ካልሆነም መመለስ።

«እንግዲያው ቪ8ቱን ሁሉ ሸጠን እንገላገል» የሚሉ አሉ። ከተማ ውስጥ ከቤት ቢሮ፣ ከቢሮ አዳራሽ ለሚመላለሰው ቢሸጥ አልቃወምም፤ ለዚያ ሥራ ይህን መኪና መመደብ ብክነት ነው። ግን የክትባት ቡድንና የመስክ መሐንዲስ እውነተኛ መኪና ይፈልጋሉ። አሁን ያለው ድልድል የተገላቢጦሽ ነው፤ አዲሱና ጠንካራው አስፋልት ላይ ይውላል፣ መስክ የሚወጣው ሦስት አለቃ ያለፈበትና ጎማው የሳሳው ነው።

ሌላም ነገር ተጨምሯል። በጥር 2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ መንግሥት መወሰኑ ከተነገረ ወዲህ በእጅ ያለው መኪና በቀላሉ የማይተካ ሆኗል። ቦታውን እየያዙ ካሉት የኤሌክትሪክ መኪኖች ብዙዎቹ ከፍ ብለው ሲታዩ ጂፕ ይመስላሉ። አይደሉም። አዲስ አበባን የሞሏት አይዲ 4ና አይዲ 6 ባትሪያቸው የተዘረጋው ወለሉ ሥር ነው፤ የተሠሩትም ለከተማ ነው። የመኪናው ትልቁ ዋጋ ያረፈበትን ዕቃ ሆድ ሥር ይዞ ድንጋይ ላይ መውጣት ምን ማለት እንደሆነ ለማወቅ መካኒክ መሆን አያስፈልግም። ነገ አንድ ቢሮ «ያው ጂፕ ነው» ብሎ ለመስክ ሥራ እንዳያሰማራቸው ከዛሬው መናገር ይሻላል።

ስለዚህ ስለ ቅንጦት መጮኹን ለአፍታ ገታ አድርገን አንድ ትንሽ ነገር እንጠይቅ። እያንዳንዱ መሥሪያ ቤት ሾፌር ወደ መስክ ሲልክ የሚሞላው የጉዞ ትዕዛዝ ወረቀት አለ። መነሻ፣ መድረሻ፣ ኪሎ ሜትር፣ የነዳጅ መጠን፣ የተሳፋሪ ስም ይጻፍበታል። እዚያ ላይ አንድ መስመር ይጨመር፦ መንገዱ ወይም ወንዙ አይታለፍም ብሎ የሚወስነው ሾፌሩ ነው፤ በዚህ ውሳኔ አበሉም ደመወዙም አይነካም፤ ውሳኔውን ሽሮ «ግባ» ያለ ሰው እዚያው ስሙን ጽፎ ይፈርማል።