ፈቃዱ ሲሰጥ ጎረቤት ይጠየቅ



የመድረሳችን ደረሶች ከመግሪብ እስከ ዒሻእ ባለው ጊዜ ሒፍዛቸውን ያሰማሉ። ካለፈው ዓመት ወዲህ ግን ከአጥሩ ማዶ የተከፈተው ግሮሰሪ በረንዳው ላይ ድምፅ ማጉያ ስላቆመ፣ ልጁ የሚቀራውን ኡስታዙ፣ ኡስታዙ የሚያርመውን ልጁ መስማት አልቻሉም። አቤት ልንል የሄድንበት ቢሮ የሰጠን መልስ አጭር ነበር፦ “ፈቃድ አለው።” እኛም የለውም አላልንም። የጠየቅነው፣ ፈቃዱ ሲሰጥ አጥር የሚጋራው ሰው ተጠይቆ ነበር ወይ የሚለውን ነው። ለዚህ መልስ አላገኘንም።

አዳማ ድሮም የባቡር መንገደኛ ማረፊያ ነበረች። 85 ኪሎ ሜትር ያህል የሚረዝመው የክፍያ መንገድ ከተከፈተ ወዲህ ደግሞ ስብሰባውም፣ የቅዳሜና እሁዱ መዝናኛም ወደዚህ ጎርፏል። ሆቴሎቹ ብዙ ልጆቻችንን ቀጥረው እንጀራ እንደሚያበሉ አንክድም። በቢሾፍቱም በባቱም ነገሩ ብዙ አይለይም። እኛን የሚያስጨንቀን በዋናው መንገድ ላይ ያለው ሆቴል ሳይሆን መኖሪያ ሰፈር ውስጥ የገባው፣ በሬስቶራንት ስም ፈቃድ አውጥቶ ሲመሽ ጭፈራ ቤት የሚሆነው ነው።

“ሙስሊሞቹ ሸሪዓን በከተማው ላይ ሊጭኑ ነው” የሚሉን አሉ። ኸምር በእኛ ላይ ሐራም ነው፤ ሌላውን አናስገድድም። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 11 መንግሥትንና ሃይማኖትን ለይቷል። በየጁሙዓው የጮህነው ይኸው አንቀጽ ይከበር ብለን ነውና ዛሬ ልንሽረው አንነሳም። ጎረቤታችን እማማ ለጥምቀት ጠላ ቢጠምቁ ማን ምን አገባው? እሳቸውም እኮ በዚያ ግሮሰሪ ምክንያት እንቅልፍ ካጡት አንዷ ናቸው።

የምንጠይቀው በአገሪቱ ሕግ ውስጥ ያለውን ነው። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 43 ማኅበረሰቡን በሚመለከት ጉዳይ ላይ ሐሳቡን እንዲሰጥ የመጠየቅ መብት ለዜጋ ይሰጣል። የምግብና መድኃኒት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1112/2011 ዕድሜው 21 ዓመት ላልሞላ ሰው አልኮል እንዳይሸጥ ይከለክላል። በሰፈራችን ግን ዩኒፎርሙን ያላወለቀ ልጅ ቢራ ይዞ ማየት ብርቅ አይደለም። ድምፅን በተመለከተ ለመኖሪያ ሰፈር የተቀመጠው ልክ ቀን 55፣ ሌሊት 45 ዴሲቤል ነው። (መለኪያው ሲመጣ የእኛንም የመስጂድ ድምፅ ማጉያ ይለካልና ከወዲሁ እናስተካክለው።) ከሁሉም በላይ ልናውቀው የሚገባው የአካባቢ ብክለት ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 300/1995 ነው። በዚህ አዋጅ አንቀጽ 11 መሠረት ማንኛውም ሰው የግል ጥቅሜ ተነክቷል ብሎ ማስረዳት ሳያስፈልገው አቤት ማለት ይችላል። መሥሪያ ቤቱ በ30 ቀን ውስጥ ካልወሰነ ወይም ውሳኔው ካላረካው በ60 ቀን ውስጥ ፍርድ ቤት መሄድ ይችላል። እኛ ግን ያንን ቢሮ በቃል ጠይቀን በቃል መልስ ይዘን ተመለስን። በጽሑፍ ያላቀረብነው አቤቱታ ቀኑ ከየት ይቆጠር?

አሁን ደግሞ የሚያሳፍረው። ከእነዚህ ቤቶች አንዳንዶቹ የማን ናቸው? ፈጅርን ከእኛ ጋር በአንድ ሶፍ የሚሰግዱ፣ በወር መጨረሻ ኪራዩን የሚቀበሉ ወንድሞች አሉ። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) በኸምር ጉዳይ የረገሙት ጠጪውን ብቻ አይደለም፤ ሻጩም፣ ተሸካሚውም፣ ዋጋውን የሚበላውም አለበት። ኑሮ እንደተወደደ፣ ግሮሰሪ ከልብስ ሰፊ የተሻለ እንደሚከፍል እናውቃለን። ቢሆንም ምክር ቤቱን ከመውቀሳችን በፊት ከእነዚህ ወንድሞች ጋር ሽማግሌ ልከን እንነጋገር። በኹጥባ ስማቸውን ማንሳት ግን ተገቢ አይደለም።

በ2004 ከአወልያ ስንነሳ የያዝነው ሦስት ጥያቄ ነበር፤ ማንም ቢጠይቀን በአንድ ትንፋሽ እንዘረዝረው ነበር። ለከተማው ምክር ቤት የምናቀርበውም እንዲሁ አጭር ይሁን፦ በመኖሪያ ሰፈር የመጠጥና የጭፈራ ፈቃድ ከመሰጠቱ በፊት ማስታወቂያ በቀበሌው ይለጠፍ፣ ጎረቤትም በጽሑፍ ይጠየቅ፤ የመዝጊያ ሰዓት በፈቃዱ ላይ ይጻፍ፤ ፈቃዱ ሲታደስ የጎረቤት አቤቱታ አብሮ ይታይ።

ማመልከቻው በአፋን ኦሮሞና በአማርኛ ተዘጋጅቷል። በሚመጣው ጁሙዓ ከሶላት በኋላ በመስጂዱ በር ላይ ይፈረማል። መስጂድ ለማይመጡ ጎረቤቶቻችን፣ ለእማማም ጭምር፣ አንድ ቅጂ ቤት ለቤት ይዞራል። ስትፈርሙ የቤት ቁጥራችሁን መጻፍ አትርሱ። ገቢ ስናደርገውም ቀንና ማኅተም ያለበት ቅጂ ሳንይዝ አንመለስም።