እናቴን ከቤት ማን ያውጣልኝ?

ሰሞኑን ከደረሱኝ ደብዳቤዎች መካከል ከወደ አራዳ ጊዮርጊስ የመጣውን ደጋግሜ አነበብኩት። ጸሐፊዋ ገና ወጣት ናት፤ ስሟን እንዳላወጣባት ለምናኛለች።

«እናቴ ደም ግፊት አለባት። በ2012 ዓ.ም. ኮሮና ሲገባ ክትትሏን አቋረጠች። ‹ሐኪም ቤት ሄጄ በሽታ ሸምቼ ልምጣ?› ትል ነበር፤ ይኸው እስከ ዛሬ አልተመለሰችም። ‹ምንም አላመመኝም› ነው መልሷ። ወንድሜ ሠርግ በቪዲዮ ይቀርጽ ነበር። ያኔ ካሜራውን ሸጠ፤ አሁን ቀን ተኝቶ ሌሊት ያፈጣል። እናቴን ጎትቼ ልውሰዳት? ወንድሜንስ ሰነፍ ነው ብዬ ተስፋ ልቁረጥ?»

እህቴ፣ ከመጎተትሽ በፊት እናትሽ ለምን እንደፈራች እንይ። የመጀመሪያው ሕመምተኛ መገኘቱ የተነገረው መጋቢት 4 ቀን 2012 ነው። መጋቢት 30 የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ መጣ። እንደ ሌላው አገር በር አልተቆለፈብንም፤ ግን ከአራት ሰው በላይ መሰብሰብ ተከለከለ፣ ታክሲው በግማሽ እየጫነ በእጥፍ አስከፈለ፣ መጨባበጥ ቀረ። ፋሲካን ብዙ ሰው ቅዳሴውን በቴሌቪዥን እያየ አሳለፈ። የሚያዝያ 23ቱ ዓመታዊ የጊዮርጊስ በዓልም በዚያው ገደብ ውስጥ ወደቀ። በየወሩ 23 ደጁን ለምትስም እናት ይኼ ቀላል ነገር መስሎሻል?

ደግሞ የእኛ ከተማ የ1911ዱን የኅዳር በሽታ ታሪክ ከአያቶቹ የሰማ ከተማ ነው። ውሃ የሚያቀብለው አጥቶ ስለሞተ ቤተሰብ ሲወራ ያደገ ሰው «ወረርሽኝ» ሲባል እንደ እኔና እንደ አንቺ አይሰማም።

በዚያ ላይ ሬዲዮው በየሰዓቱ ምን ይል ነበር? «አረጋውያን፣ ግፊትና ስኳር ያለባችሁ፣ ከሁሉም በላይ እናንተ ተጠንቀቁ!» ምክሩ ልክ ነበር። ግን ሐኪም ቤት ከማንም በላይ የሚያስፈልገው ሰው ከማንም በላይ ከቤት እንዳይወጣ የተነገረው እሱ ሆነ። አዋጁ ከአምስት ወር በኋላ አበቃ። የዓለም ጤና ድርጅትም በሚያዝያ 2015 ዓለም አቀፉን የአስቸኳይ ጊዜ አነሳ። ለእናትሽ ግን ቤት ድረስ መጥቶ «እማማ፣ አሁን ይውጡ» ያላት የለም። ቡና ያጣጧት የነበሩት ጎረቤቶችም፣ በ2016 የፒያሳ ሰፈሮች ሲፈርሱ፣ ብዙዎቹ ወደ ከተማው ዳር ሄደዋል። ከማን ጋር ትውጣ?

«ምንም አላመመኝም» ማለቷ ግን አያጽናናሽ። ግፊት ሳያምም ዓመታት ይቀመጥና ኩላሊት ይጎዳል፤ አንዳንዴም የመጀመሪያ ምልክቱ ስትሮክ ነው። ኧረ አትጎትቻት! ይልቅ በ23 ማለዳ ቤተ ክርስቲያን አድርሻት፣ ስትመለሱ አረፍ ትበልና ጤና ጣቢያ ግቡ። ሲለካላት ጠብ እንዳትፈጥሪ፤ «አላልኩሽም?» የሚለውን ቃል ዋጪው። ከድሮ የተረፈ ኪኒን ካለ በራሷ እንዳትጀምር፤ መጠኑን ሐኪም እንደገና ይወስን። ድንገት ፊቷ ወይም አፏ ከተጣመመ፣ አንድ ወገን እጅና እግሯ ከዛለ ወይም አንደበቷ ከተያያዘ ግን ቀጠሮ አይጠበቅም፤ በዚያው ደቂቃ ወደ ድንገተኛ ክፍል ነው።

ወደ ወንድምሽ ልምጣ። የሠርግ ወር ሚያዝያና ግንቦት ነው፤ አዋጁ የመጣው በዋዜማው። አራት ሰው ሙሽሮቹና ሁለት ሚዜዎች ናቸው፤ ካሜራማኑ አምስተኛ ነው! ሠርግ ሲቀር የፒያሳ ወርቅ ቤት፣ ቬሎ አከራዩ፣ ፀጉር ቤቱ ሁሉ አብሮ ጾመ። በእርግጥ አዋጁ አሠሪ ሠራተኛ እንዳያባርር፣ አከራይም ተከራይ እንዳያስወጣ ከልክሎ ነበር። ደግ ሕግ ነው። ግን በሠርግ እየተከፈለው የሚያድር ልጅ ማን አባረረው ይባላል? አሠሪ የለውም እኮ።

ስለዚህ «ሰነፍ» አትበዪው። ሥራውን ብቻ አይደለም ያጣው፤ ቅዳሜ የሚፈለግበትን ቦታም ጭምር ነው። ምክር አትስጪው፣ ሥራ ስጪው፦ እናቱን ጤና ጣቢያ አብሯችሁ ያድርስ፣ ተራ ይያዝ፣ የመድኃኒቱን ሰዓት ይቆጣጠር። ምግብ ከጠላ፣ ንጽሕናውን ከተወ፣ ወይም «ብሞት ይሻለኛል» ካለ ግን ቀልድ አይደለም። ብቻውን አትተይው፤ ሐኪም ዘንድ ውሰጂው። የአእምሮ ሕክምና ሲባል ሰው አማኑኤልን ብቻ ያስብና ያፍራል፤ በሌሎች ሆስፒታሎችም ይሰጣል። ጤና ጣቢያም ጠይቂ፣ ይመሩሻል።

ስለ ራስሽ አንድ መስመር ብቻ ነው የጻፍሽው፤ «ደክሞኛል» ብለሽ። በሳምንት አንድ ከሰዓት በኋላ ለራስሽ ያዢ። ማኪያቶ ከጓደኛ ጋር፣ ስለ ቤት ሳታወሪ። ወንድምሽ ያን ቀን ከእናቱ ጋር ይዋል።

መልሱን ጻፊልኝ። የግፊቱን ቁጥር መጻፍ እንዳትረሺ።