ሚዛኑም ይመዘናል

በመንግሥት መሥሪያ ቤት በጸሐፊነት የሚሠራ አንድ ወዳጄ በቀደም ዕለት እየሳቀ መጣና፤ «ዐይኔን ተመረመርሁ፤ ግፊቱ 18 ነው። እንግዲህ ከሐኪም ጋር ተለያየን» አለኝ። የአባቱን ዐይን ያጠፋው ግላኮማ መሆኑን ስለማውቅ በደስታው አልፈረድሁበትም። ነገር ግን «የኮርኒያህንስ ውፍረት ለኩልህ?» ብዬ ብጠይቀው ዝም አለ።

ኮርኒያ ማለት በዐይናችን ፊት እንደ ሰዓት መስተዋት የተገጠመው ጥርት ያለ ክዳን ነው። በአዋቂ ሰው መካከሉ ላይ ሲለካ ውፍረቱ ከግማሽ ሚሊሜትር ጥቂት ይበልጣል፤ ይኸውም በአማካይ 540 ማይክሮን ገደማ ነው።

ይህ ከግፊት ጋር ምን ያገናኘዋል? እስቲ የእግር ኳስ አስቡ። መሙላቱን ለማወቅ በአውራ ጣታችን እንጫነዋለን። ቆዳው ወፍራም እንደሆነ ነፋሱ ጥቂት ሆኖ ሳለ ጠንካራ ይመስለናል፤ ቆዳው ስስ እንደሆነ ግን የሞላው ኳስ የላላ ይመስለናል። የስዊስ አገር ሐኪም ሐንስ ጎልድማን እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1950ዎቹ ዓመታት ያወጣው መለኪያም ኮርኒያን በቀስታ ተጭኖ ነው የሚለካ። ሒሳቡም የተሠራው የሁሉም ሰው ኮርኒያ ግማሽ ሚሊሜትር ያህል ነው በሚል ግምት ነበር። ስለዚህ ኮርኒያው ስስ የሆነ ሰው ግፊቱ ከእውነተኛው አንሶ ሊነበብለት ይችላል።

ነገሩ በዚህ አያበቃም። በ2002 በአሜሪካ የወጣ ታላቅ ጥናት፤ የዐይን ግፊታቸው ከፍ ካለ ሰዎች መካከል ኮርኒያቸው 555 ማይክሮንና ከዚያ በታች የሆነው፤ ከ588 በላይ ከሆነው ይልቅ በግላኮማ የመያዝ አደጋቸው ሦስት እጥፍ ያህል መሆኑን አሳይቷል። የጥቁር ሕዝብ ኮርኒያም በአማካይ ሳሳ ያለ ሆኖ ተገኝቷል።

ዕድሜና ጾታስ? ከዕድሜ ጋር ኮርኒያ በጥቂቱ ይሳሳል የሚሉ ጥናቶች አሉ፤ ለውጥ አላየንም የሚሉም አሉ። በወንድና በሴት መካከል ያለው ልዩነትም ትንሽ ነው፤ በየአገሩም አንድ አይደለም። እንግዲህ ሐኪሙ ዕድሜህን ወይም ጾታህን አይቶ ውፍረቱን ሊገምት አይችልም፤ መለካት አለበት። ቁጥሩንም በአንድ የሒሳብ ቀመር ማረም አይበቃም፤ ከዐይን በስተኋላ ያለውን ነርቭ ማየት ያሻል፤ ግላኮማ ግፊቱ ደኅና በሆነ ዐይን ላይም ይደርሳልና።

ግላኮማ ሳያሳምም ይገባል፤ የወሰደውን ብርሃን አይመልስም፤ በጊዜ ከተገኘ ግን ይገታል። ይህን ሁሉ ስነግረው ወዳጄ ሳቁን ተወና «የቀጠሮውን ወረቀት የት አደረግሁት?» እያለ ኪሱን ይፈትሽ ጀመር።