ጤና አዳም ከጎረቤት እስከ መቼ?

ዛሬ አስተያየቴን የምሰጣችሁ ስለ ጤና አዳም ነው። «ስለ ጤና አዳም ደሞ ምን ይወራል?» እንዳትሉ፤ እስከ መጨረሻው አንብቡልኝ።

በሰፈራችን አንድ ትልቅ የጤና አዳም ተክል ነበረ፤ በጎረቤታችን በእማማ ጓሮ። ቡና ሲፈላ፣ በርበሬ ሲደለዝ፣ አይብ ሲቀርብ የሰፈሩ ልጅ ሁሉ ወደዚያ ይላካል። እማማ አንድም ቀን «የለም» ብለው አያውቁም። አምና በኅዳር አንድ እሑድ እናቴ ላከችኝ። እኔ ወደ ኳሴ ለመመለስ ቸኩዬ በእጄ ስጎትተው ተክሉ ከነሥሩ ተነቅሎ መጣ። ደንግጬ መልሼ አፈር አለበስኩትና ሳልናገር ሄድኩ። በሳምንቱ ደረቀ። እማማም «ውርጭ መታው መሰለኝ» አሉ። እኔ ዝም አልኩ።

ከዚያ በኋላ ሰፈሩ ሁሉ ከገበያ መግዛት ጀመረ። ያኔ አንድ ነገር ገባኝ። ስንት ቤት ሆነን ስንቆርጥ የኖርነው ከአንድ ተክል ነው፤ የተከለ ግን አንድም ሰው የለም። «የሰው ወርቅ አያደምቅ» ይባል የለ?

ጤና አዳም መትከል ከባድ አይደለም። ዘር እንኳ አያስፈልገውም። ሰኔ መግቢያ ላይ እናቴ ከገበያ ካመጣችው እስር ውስጥ አምስት ዝንጣፊ መረጥኩ። አበባ ያላወጣ፣ ከታች ጠንከር ያለ፣ ርዝመቱ አንድ ስንዝር የማይሞላ ጥሩ ነው። የታችኛውን ቅጠል አራግፌ አፈር፣ አሸዋና የበሰበሰ ፍግ በቀላቀልኩበት አሮጌ ጀሪካን ተከልኩ። የጀሪካኑን ታች መብሳት አትርሱ። ሁለቱን የጣሪያ ጠፈጠፍ ሥር ስላስቀመጥኳቸው በሰበሱ፤ ጤና አዳም ውኃ የሚያቁር ቦታ አይወድም። ሦስቱን ጥላ ስር አደረግኳቸው። ከወር በኋላ አዲስ ቅጠል አወጡ። ቀስ ብዬ ሳብ ሳደርጋቸው እንቢ አሉ፤ ሥር ሰደዋል ማለት ነው። አንዴ ከያዘ ደግሞ ለዓመታት ይቆያል። ደብረ ማርቆስ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,400 ሜትር በላይ ብትሆንም ጤና አዳም ብርዳችንን ይችለዋል። ለጋው ችግኝ ግን በውርጭ ወቅት ማታ ማታ ቢሸፈን ይሻላል።

ጥንቃቄም አለው። ፈሳሹ የነካው ቆዳ ፀሐይ ሲመታው ሊያቃጥል ስለሚችል ከቆረጣችሁ በኋላ እጃችሁን ታጠቡ። ነፍሰ ጡር ሴትም እንደ መድኃኒት ልትጠጣው አይገባም።

አንዳንድ ወንዶች ጓደኞቼ «ጤና አዳም የሴት ሥራ ነው» ብለው ሳቁብኝ። ቡናውን ሲጠጡ ግን የሴት ነው አይሉም! ሌሎች ደግሞ «ገበያ ሞልቶ የለም ወይ?» ይላሉ። አዎ ሞልቷል፤ ግን ለአንዲት ስኒ ቡና እየሮጡ ገበያ መሄድ አለ?

ስለዚህ የእኔ ሐሳብ ይህ ነው። የአካባቢ ጥበቃ ክበባችን በሰኔ ትምህርት ቤት ሳይዘጋ ለየክፍሉ ዝንጣፊ ያድል። እያንዳንዳችን ቤታችን አንድ እንትከል። የጸደቀለት ደግሞ በመስከረም ላልጸደቀለት ያካፍል። ከሰው ጓሮ ስንቆርጥም በእጃችን አንጎትት፤ በመቀስ ወይም በቢላዋ እንቁረጥ።

ይህን ጽሑፍ ለክበቡ ከመስጠቴ በፊት አንዱን ችግኝ ይዤ እማማ ዘንድ ሄድኩና እውነቱን ነገርኳቸው። «ቢላዋ ጠፍቶ ነው በእጅህ የጎተትከው?» ብለው ተቆጡኝ። ከዚያ ጉድጓዱን አብረን ቆፈርን። አሁን የሰፈሩ ልጆች እዚያ ሲመጡ ቢላዋ አቀባዩ እኔ ነኝ።

በሚቀጥለው እትም እስክንገናኝ ደህና ሁኑ!

ከ7ኛ ክፍል ተማሪ፣ የሚኒ ሚዲያ ክበብ አባል