ጋርሚን ወይስ አፕል? ድሬዳዋን የማያውቅ ጥያቄ

«ጋርሚን ልግዛ አፕል?» ስፖርት የጀመረ የድሬዳዋ ወጣት ዛሬ ዛሬ ሩጫውን ሳይለምድ የሚገባበት ክርክር ነው። ከዚራ ዛፍ ሥር ሻይ ላይ ቢነሳም ሳቢያን ጂም በር ላይ ቢነሳም አካሄዱ አይለወጥም። ሁለት ሰዓቶች ይቀርባሉ፤ ጋርሚን ፎርራነር 165 እና አፕል ዋች ኤስኢ ጥሩ ጥንድ ናቸው፣ ሁለቱም ገበያ ላይ ሲወጡ የተተመነላቸው ዋጋ 250 ዶላር ገደማ ነውና። ከዚያ ቆጠራ ይጀመራል፦ ይሄኛው እንቅልፍ ይለካል፣ ያኛው ጭንቀት ይለካል፣ ይሄኛው የኦክስጅን አቅም ይገምታል፣ ያኛው ብዙ ስትቀመጥ ተነሳ ይልሃል። ብዙ የሚለካው ያሸንፋል። የእኔ ጠብ ከዚህ ዳኝነት ጋር ነው። ሰዓት መመረጥ ያለበት ከሚያሳየን ቁጥሮች ውስጥ ነገ ጠዋት የምናደርገውን የሚያስቀይረን ስንቱ ነው ተብሎ ነው። እንዲያ ከተቆጠረ ድሬ ላይ ከሁለት ወይም ከሦስት ቁጥር በላይ አይተርፍም፤ እነዚያ ደግሞ ሁለቱም ላይ አሉ።

በእርግጥ የሚለያዩበት ነገር አለ፣ ግን ለማውራት አምስት ደቂቃ አይፈጅም። አፕሉ ያለ አይፎን አይሠራም፤ አንድሮይድ ለያዘ ሰው ክርክሩ ሳይጀመር አልቋል። የአፕሉ ባትሪ በአምራቹ አነጋገር 18 ሰዓት፣ የጋርሚኑ እስከ 11 ቀን ይቆያል፤ መብራት ሄዶ በሚያድርበት ሰፈር ይሄ ትንሽ ነገር አይደለም። መደወልና መልእክት መመለስ ለሚወድ አፕሉ ይመቻል። አለቀ። ክርክሩ የሚረዝመው ሰዎች ይህንን ትተው ሰዓቱ ስለ ሰውነታቸው በሚሰጠው ፍርድ ሲፎካከሩ ነው፣ ችግሩም ያለው እዚያው ፍርዱ ውስጥ ነው።

ከሁሉም በላይ የሚከበረውን ቁጥር እንውሰድ፣ ቪኦቱ ማክስ የሚሉትን፣ ሰውነት በከፍተኛ ጥረት ላይ ሊጠቀምበት የሚችለውን የኦክስጅን መጠን። ይህ በትክክል የሚለካው ቤተ ሙከራ ውስጥ፣ አፍና አፍንጫ ላይ ጭንብል ታስሮ፣ እስኪደክሙ ተሮጦ ነው። ሰዓቱ እንደዚያ አያደርግም። ከጀርባው ያለው አረንጓዴ መብራት ቆዳን ያበራል፣ በደም ሥር ውስጥ ደም በመጣ በሄደ ቁጥር የሚዋዠቀውን ብርሃን ቆጥሮ የልብ ምት ያወጣል፣ ፍጥነትን ከጂፒኤስ ይወስዳል፣ ሁለቱን አስተያይቶ ይገምታል። በዝቅተኛ የልብ ምት በፍጥነት ከሮጥክ ጎበዝ ነህ፣ በከፍተኛ የልብ ምት ዝግ ካልክ ሰንፈሃል ማለት ነው። ለቀዝቃዛ አገር ግምቱ መጥፎ አይደለም። ድሬዳዋ ግን ከባሕር ጠለል በላይ 1,200 ሜትር ገደማ ላይ የተኛች፣ ግንቦትና ሰኔ ከቀትር በኋላ 35 ዲግሪ አካባቢ የምትግል ከተማ ናት። በሙቀት ሲሮጥ ደሙ ለጡንቻ ብቻ ሳይሆን ሰውነትን ለማቀዝቀዝ ወደ ቆዳም ይላካል፤ ላብ ደግሞ የደሙን ፈሳሽ ይቀንሳል። ስለዚህ ልብ በአንድ ምት የሚረጨው ደም ያንሳል፣ ያንኑ ፍጥነት ለመጠበቅም ብዙ ጊዜ ይመታል። ሯጩ አልሰነፈም፣ ሞቆታል። ሰዓቱ ግን አቅምህ ወርዷል ብሎ ይጽፋል። ጋርሚን ይህን ያውቃል፤ ከስልክ በሚመጣ የአየር ሁኔታ መረጃ ተመርኩዞ ከ22 ዲግሪ በላይ ላለው ሩጫ እርማት የሚያደርግ ስሌት አለው፣ ነገር ግን ያስቀመጠው ከፍ ባሉት ሞዴሎቹ ላይ ነው። 22 ዲግሪ እኮ ለድሬ ብርድ ነው። ለሌላው ዓለም ልዩ ሁኔታ የተባለው እዚህ የዘወትር ኑሮ ከሆነ፣ እርማቱ የሌለበትን ሰዓት ግምት ይዞ «የእኔ 44 ነው፣ ያንተስ?» መባባል ምን ትርጉም አለው?

የጭንቀት መለኪያው ይብሳል። ሰዓቱ ጭንቀትን የሚያሰላው በአንድና በሌላው የልብ ምት መካከል ያለው ጊዜ ከሚያሳየው መለዋወጥ ነው፤ መለዋወጡ ሲያንስ ነርቮቹ ተወጥረዋል ይላል። ጫት ውስጥ ያለው ካቲኖን የልብ ምትንም የደም ግፊትንም ከፍ የሚያደርግ አነቃቂ ነው። እንግዲህ ከቀትር በኋላ በርጫ ላይ የተቀመጠ ሰው ምርቃናው ሲደርስ ዓለም ሁሉ ሰላም ሆኖለት ሲያወራ፣ ክንዱ ላይ ያለው ሰዓት ከባድ ጭንቀት ውስጥ ነህ፣ ቀስ ብለህ ተንፍስ ይለዋል። አቦ፣ ከዚህ በላይ የሚያስቅ ነገር የለም! የሚያስቀው ግን ለአፍታ ነው፤ ልቡ ለሰዓታት በፍጥነት እየመታ መሆኑ ሊያሳስበው ሲገባ ሰዓቱ ጉዳዩን የመንፈስ ጉዳይ አድርጎ አቅርቦለታልና። የዕለቱ እንቅስቃሴ ሲሟላ ስክሪኑ ላይ የሚዘጉት የአፕሉ ቀለበቶችም ከዚህ አይሻሉም። አፕል ዋች ገበያ ላይ ከወጣበት እ.ኤ.አ. ከ2015 እስከ 2024 ድረስ ታሞ የተኛም፣ ሰውነቱን ለማሳረፍ ያቆመም ሰው ቀለበቱን ሳይዘጋ ካደረ ተከታታይ ቀኖቹ ይቋረጡበት ነበር፤ እረፍት ማስያዝ የተፈቀደው በ2024 ነው። በረመዳን በድሬ ቀትር ጥላ ይዞ ለተቀመጠ ጾመኛ በየሰዓቱ ተነስተህ ተንቀሳቀስ የሚል መሣሪያ ስለ ጤና የሚያውቀው አንድ ዓይነት ሕይወት ብቻ ነው። እንቅልፍንም እንዲሁ፤ ሙቀቱ ሲብስ አልጋውን ግቢ አውጥቶ የሚያድር ሰው ለምን እንደነቃ ለማወቅ ነጥብ አያስፈልገውም።

ካሎሪና እርምጃ ላይ ደግሞ ማስረጃው ከእኔ ሐሜት በላይ ነው። የስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2017 ባወጡት ጥናት ሰባት የእጅ መሣሪያዎችን በ60 ሰዎች ላይ ሞከሩ። ስድስቱ የልብ ምትን ከ5 በመቶ ባልበለጠ ስህተት ለኩ፤ ይህ የሚመሰገን ነው። የተቃጠለ ካሎሪን ግን አንዳቸውም በቅጡ አልለኩም፤ ከሁሉ የተሻለው በአማካይ 27 በመቶ፣ የባሰው 93 በመቶ ሳተ። እንዲህ በሚስት ቁጥር ምሳ መጨመር ወይም መቀነስ ከጉዳት በቀር ትርፍ የለውም። የ10,000 እርምጃ ግብ ደግሞ ከሐኪም አልመጣም። አበበ ቢቂላ ትርፍ አንጀቱን ከተቀደደ ስድስት ሳምንት እንኳ ሳይሞላው ማራቶንን በ2 ሰዓት ከ12 ደቂቃ ከ11 ሰከንድ የጨረሰበት የቶኪዮ ኦሊምፒክ እ.ኤ.አ. በ1964 ተካሄደ። ጃፓን የስፖርት ፍቅር በያዛት በዚያ ሰሞን፣ በ1965፣ ያማሳ የተባለ ኩባንያ ስሙ ራሱ «10,000 እርምጃ መለኪያ» የሆነ መሣሪያ ሸጠ። ቁጥሩ የገበያ ስም ነበር። እ.ኤ.አ. በ2019 አማካይ ዕድሜያቸው 72 በሆነ ከ16 ሺህ በላይ ሴቶች ላይ የታተመ ጥናት እንዳሳየው፣ በቀን 4,400 እርምጃ የሚራመዱት 2,700 ከሚራመዱት ይልቅ የመሞት ዕድላቸው በግልጽ ያነሰ ነበር፤ ጥቅሙም 7,500 አካባቢ ሲደርስ መጨመሩን አቆመ። ከቀፊራ ገበያ ዕቃ ተሸክማ በእግሯ የምትመለስ እናት ይህንን ሳትቆጥር አልፋዋለች።

እዚህ ላይ የሚነሳ ተቃውሞ አለ፣ ቀላልም አይደለም፦ ቁጥሩ ባይጠራም ሰውን ያንቀሳቅሳል። እውነት ነው። ብዙ ጥናቶችን አጠቃልሎ እ.ኤ.አ. በ2022 በላንሴት ዲጂታል ሄልዝ የወጣ ግምገማ፣ እንዲህ ያሉ መሣሪያዎች የሚያደርጉ ሰዎች በቀን በአማካይ 1,800 ያህል እርምጃ እንደሚጨምሩ አግኝቷል። ይህን የሚክድ ተቺ አይታመንም። ግን እንቅስቃሴውን የሚያመጣው ምንድን ነው ብሎ መጠየቅ ይገባል። ራስን መቁጠር ነው፤ ለዚህም እርምጃ የሚቆጥር ርካሽ አምባር፣ ኪስ ውስጥ ያለ ስልክም ይበቃል። ለክርክሩ ጉልበት የሚሰጡት ተጨማሪዎቹ መለኪያዎች ድርሻ እንዳላቸው ግምገማው አያሳይም። በሌላ በኩል እ.ኤ.አ. በ2016 ጃማ በተባለው የሕክምና መጽሔት የታተመ የሁለት ዓመት ሙከራ አለ። ውፍረት ለመቀነስ ምክር ከሚያገኙ 471 ወጣቶች ገሚሱ መሣሪያ ተጨመረላቸው፤ እነሱ በአማካይ 3.5 ኪሎ ሲቀንሱ ያለ መሣሪያ የቀጠሉት 5.9 ኪሎ ቀነሱ። አንድ ሙከራ ነገሩን አይቋጭም፣ ነገር ግን ብዙ መለካት ብዙ መለወጥ ነው የሚለውን እምነት ለማናጋት ይበቃል።

ሁለተኛው ተቃውሞ፣ «ሰዓቱ የልብ ሕመም ያገኛል» የሚለው፣ ግማሹ ልክ ነው። ከ400 ሺህ በላይ ሰዎች የተሳተፉበትና እ.ኤ.አ. በ2019 የታተመው የአፕል የልብ ጥናት ላይ የልብ ምትህ ተዛብቷል የሚል ማስጠንቀቂያ የደረሳቸው 0.5 በመቶ ገደማ ነበሩ፤ ከእነዚህ መካከል የልብ መቅረጫ ተለጥፎላቸው ውጤቱን ከመለሱት የልብ ምት መዛባቱ የተገኘባቸው 34 በመቶ ናቸው። ስለዚህ ማስጠንቀቂያው ድል ጮራ ሆስፒታል ሄዶ ለመታየት በቂ ምክንያት ነው፤ ምርመራ ግን አይደለም። አስጊው ነገር በማስጠንቀቂያና በምርመራ መካከል ያለው ይህ ልዩነት ታዋቂዎቹን አስመስለው በተሠሩ ቅጂ ሰዓቶች ላይ ፈጽሞ መጥፋቱ ነው። የድሬው ታይዋን ገበያም የአዲስ አበባው መርካቶም ላይ «አልትራ» ተብለው የሚሸጡት ቅጂዎች ከጋርሚኑም ከአፕሉም የሚበልጥ ዝርዝር አላቸው፣ ግፊት ይለካሉ፣ ስኳር ይለካሉ ይባላል። በብዛት የሚዳኝ ክርክር እነዚህን አሸናፊ ከማድረግ ሌላ መውጫ የለውም። የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን እ.ኤ.አ. በየካቲት 2024 ባወጣው ማስጠንቀቂያ፣ ቆዳ ሳይወጋ ስኳር እንዲለካ የፈቀደው አንድም ሰዓት ወይም የጣት ቀለበት እንደሌለ ገልጿል። ገዢው ሱቁ ውስጥ ቆሞ የሚያደርገው ፈተና አለ፦ ሰዓቱን በክንዱ ፋንታ በተጠቀለለ ጨርቅ ላይ አስሮ ግፊት እንዲለካ ማዘዝ። ጨርቁ 120 በ80 ከሆነ ገበያው አልቋል። የታወቁት ሰዓቶችም የጨርቅ ጥቅልል ላይ አንዳንዴ የልብ ምት ያነባሉ፣ መብራቱ ከማንኛውም ነገር ይመለሳልና፤ ጨርቁ ግፊት አለው ብሎ የሚጽፍ ግን ውሸት ለመጻፍ የተሠራ ነው። ኢንሱሊን የሚወስድ ሰው እንዲህ ባለ ቁጥር መጠኑን ቢቀይር የሚከተለው አደጋ ነው።

«ታላላቆቹ ሯጮቻችን ሰዓት አያደርጉም ወይ?» ይባላል። ያደርጋሉ፤ አጠቃቀማቸው ግን ሌላ ነው። ለእነሱ ሰዓቱ ኪሎ ሜትርና ደቂቃ ነው፤ ስለ ሰውነታቸው የሚፈርደው አሠልጣኝ ነው፣ አብሯቸው የሚሮጠው ቡድን ነው። ከኢትዮጵያውያን ሯጮች ጋር ኖሮ እ.ኤ.አ. በ2020 መጽሐፍ ያሳተመው የሰው ልጅ ባህል አጥኚ ሚካኤል ክራውሊ ደጋግሞ የሚያነሳው ይህንኑ ነው፦ በሰልፍ፣ የፊተኛውን እግር ተከትሎ መሮጥ፣ ብቻውን የሚሮጥ እንደማያድግ ማመን። ድሬ ላይ ደግሞ ከቡድኑ ጋር አንድ ነገር ይጨመራል፤ ጥላ። ባቡሩ እ.ኤ.አ. በ1902 ሲደርስ የተቆረቆረችው ከተማ ከዚራን ቀጥ ባሉ መንገዶችና በዛፍ ያጌጠ ሰፈር አድርጋ አውርሳናለች፤ ጠዋት 12 ሰዓት ላይ እዚያ በሚሮጥና 4 ሰዓት ላይ ገላጣ አስፋልት ላይ በሚሮጥ ሰው መካከል ያለውን ልዩነት የትኛውም ሞዴል አይሞላውም።

«ለጌጥ ነው የምገዛው» ለሚል ሰው ክርክር የለኝም፤ ጌጥ ያምራል። ለጤና የሚገዛ ግን ስልኩ አንድሮይድ ከሆነ ጋርሚኑን፣ አይፎን ከሆነ የፈለገውን ወስዶ ስክሪኑ ላይ የልብ ምት፣ ርቀትና ደቂቃ ብቻ አስቀርቶ ሌላውን ያጥፋ። አዲሱን ሞዴል ትቶ የቆየውን በመግዛት ከሚተርፈው ገንዘብም በላይኛው ክንድ የሚታሰር የግፊት መለኪያ ይገዛል። ያ መሣሪያ አንድ ነገር ብቻ ነው የሚለካው፤ አባትም እናትም ጎረቤትም ተራ በተራ ይለኩበታል፣ ቁጥሩንም ሐኪም ያነበዋል።